የማያመው እብጠት

የዛሬው ቃላችን እ-ብ-ጠ-ት ነው። የምንጽፈውም በሴቶች ደረት ላይ ስለሚወጣው እብጠት ነው።

በደብረ ወርቅ ዙሪያ እናቶችን ስናነጋግር «አያመኝም፤ ምን አለበት?» ይሉናል። እሾህ የወጋው እግር ያማል። ብጉንጅም ያማል። ስለዚህ የማያመው ነገር ቀላል ይመስላል። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እንደ ባቄላ ፍሬ ጠጥሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቲቱ ጤፉ ይታጨድ፣ አዝመራው ይግባ፣ ልጅቱ ትዳር ስትል ወራት ያልፋሉ። ከቆሰለ ወይም በብብት ሌላ እብጠት ካወጣ ብዙውን ጊዜ በሽታው ገፍቷል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ይኸው የጡት ካንሰር ነው።

ከጡት ሥር ሥጋና የጎድን አጥንት አለ። ይህ የደረት ግድግዳ ይባላል። እዚያም እብጠት ይወጣል። አንዳንዱ ከአጥንቱ ወይም ከሥጋው ይነሣል። አንዳንዱ የጡት ካንሰር ሥር ሰዶ የደረሰበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሞራ እብጠት ነው፤ እሱ ካንሰር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም በጎድን ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ ይህ በመድኃኒት ይድናል። ሰው ካንሰርንም ነቀርሳ ይለዋል፣ የሳንባውንም ነቀርሳ ይለዋል። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ በሽታቸውም መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በመዳሰስ ብቻ አይታወቅም። ሐኪሙም በእጁ ብቻ አይፈርድም። በቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ይወስዳል፤ የተወሰደው በማጉያ መሣሪያ ይታያል። እብጠቱን መተኮስ፣ መብጣት ወይም ቅጠል ማሰር ግን ያቆስለዋል፤ ጊዜም ይበላል። ጠበል የምትጠመቅ እናት ጠበሏን ትጠመቅ፤ ምርመራውን ግን አታቆየው።

አባይ ከእኛ ወርዶ በሚደርስባት በግብፅ፣ የዛሬ 3500 ዓመት ገደማ የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ተገኝቷል። በደረት ላይ ስለወጣ እብጠት ሲናገር ሕክምና የለውም ይላል። ዛሬ አለው። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ መድኃኒት ይሰጣል፤ የጨረር ሕክምናም አለ። ጨረሩ በአገራችን ከሃያ ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀመረ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንክድም። ትንሽ ሳለ የታየ እብጠት ግን የመዳን ተስፋው ብዙ ነው።

እናቶችና እህቶች፣ ልብስ ስትለውጡ ጡታችሁን፣ ብብታችሁንና ጎድናችሁን በጣቶቻችሁ ዳስሱ። አዲስ እብጠት ካገኛችሁ፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ካወጣ ወይም ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ብታፍሩ ሴት ባለሙያ ትየን በሉ፤ ማፈር ያለ ነው። አንተም ባል፣ የገበያውን ጭነት ለሌላ ቀን ተወውና በቅሎዋን ለሚስትህ ጫንላት።

ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ከላካችሁ፣ የሚሰጣችሁን ወረቀት በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥሩ። ያለ እሱ ከካርድ ክፍል ትጉላላላችሁ። ውጤቱን የምትወስዱበትን ቀንም በቁጥር አስጽፋችሁ ውጡ።