ከዋልታው በረዶ በታች ሰው ይሻላል ወይስ መሣሪያ?

የሰው ልጅ ያልደረሰበትን ለማወቅ ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። በረሓውን አቋርጧል፤ ተራራውን ወጥቷል፤ ጨረቃንም ረግጧል። ይሁን እንጂ በገዛ ምድሩ ላይ ጥቂቱ ብቻ የታየ አንድ ሰፊ አገር አለ፤ ይኸውም በደቡብ ዋልታ፥ በአንታርክቲካ ዙሪያ፥ ከበረዶ በታች የሚገኘው የባሕር ወለል ነው። በዚያ የሚኖሩትን ፍጥረታት ለመመርመር አንዳንድ ሊቃውንት ራሳቸው ይጠልቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሮቦት ይልካሉ። መሣሪያው ይህን ያህል ከሠለጠነ፥ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ስለ ምን ያስፈልጋል? ብዙዎች አያስፈልግም ይላሉ። የእኔ አሳብ ግን ከእነርሱ ይለያል።

አስቀድሜ የተቃራኒዎቼን ክርክር በቅን ልቡና ልመዝን። ማክመርዶ በሚባለው የባሕር ክፍል ጠላቂው የሚወርደው 2 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው በረዶ ውስጥ በተሰረሰረ ጉድጓድ ነው። ውሃው ጨዋማ በመሆኑ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞም ቢሆን ፈሳሽ ነው። የገባበት ቀዳዳ መውጫውም ነውና፥ አንድ ችግር ቢደርስበት ቀና ብሎ የሚያገኘው ጣራ በረዶ ብቻ ነው። ከ40 ሜትር በታችም እምብዛም አይወርድም።

ሮቦት ግን አይተነፍስም፤ ብርድም አይፈራም። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) አይስፊን የተባለው ሮቦት 600 ሜትር ያህል ውፍረት ባለው በረዶ ውስጥ በሙቅ ውሃ በተከፈተ ቀዳዳ ወርዶ፥ የትዌይትስን የበረዶ ግግር ከሥሩ ተመለከተ። በ2021 በታተመ ጥናትም እንደ ተገለጸው፥ በ900 ሜትር በረዶ ውስጥ የወረደ ካሜራ ከክፍቱ ባሕር 260 ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፥ በአንድ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ሰፍነጎችን አገኘ። ይህን ሁሉ ዋናተኛ ከቶ ሊያደርገው አይችልም። እስከዚህ ድረስ ተቃራኒዎቼ እውነት አላቸው።

ነገር ግን ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም። በ2010 አንድ ሮቦት በሮስ የበረዶ ንጣፍ ሥር፥ በበረዶው ውስጥ ተተክለው ወደ ታች የተንጠለጠሉ፥ አኔሞን የሚባሉ አበባ መሳይ እንስሳት አየ። ግኝቱ ያልተጠበቀ ስለነበረ መሣሪያው እንስሳቱን የሚሰበስብበት እጅ አልነበረውም። ሰዎቹ በሙቅ ውሃ አደንዝዘው፥ በቦታው በሠሩት መምጠጫ አወጧቸው። መሣሪያ የሚሠራው የታሰበለትን ነው፤ ያልታሰበው ሲመጣ ግን የሚፈለገው የሰው ብልሃት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃዬ ግን የፖል ዴይተን ሥራ ነው። ይህ አሜሪካዊ ሊቅ በ1960ዎቹ በማክመርዶ እየጠለቀ፥ የባሕሩ ወለል በሦስት ደረጃ የተከፈለ መሆኑን ተረዳ። እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ድረስ ወለሉ ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል፤ ከ15 እስከ 33 ሜትር አኔሞኖችና መሰሎቻቸው ይኖራሉ፤ ከዚያ በታች የሰፍነጎች አገር ነው። ምክንያቱም በወለሉ ላይ የሚበቅለው በረዶ እንስሳቱን እየነቀለ ወደ ላይ ይዟቸው ስለሚሄድ፥ ይህም እስከ 33 ሜትር ብቻ ስለሚደርስ ነው።

ዴይተንና ባልደረቦቹ አንድ ትልቅ የሰፍነግ ዓይነትም ይከታተሉ ነበር። ከ1967 እስከ 1975 ድረስ አዲስ ሲበቅል አልታየም፤ ያሉትም የሚያድጉ አይመስሉም ነበር። በዚያ ጊዜ ቢያቆሙ ኖሮ፥ ይህ ፍጥረት አያድግም ተብሎ በየመጽሐፉ ይጻፍ ነበር። ነገር ግን በ1989 ተመልሰው ሲታዩ፥ ሰዎች በውሃ ውስጥ በተዉዋቸው መደቦች ላይ ብዙ ሰፍነጎች በቅለው ተገኙ። እውነቱ የተገኘው ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ በመጎብኘት ነው።

እንግዲህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ጥልቁንና ሩቁን ለሮቦት እንተወው፤ በዚያ ሰውን መላክ ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም። ጥልቀት በሌለው ስፍራ ግን፥ የእጅ ሥራ የሚጠይቅ ምርመራ ሲኖር፥ ጠላቂው ከጓደኛው ጋር በጥንቃቄ መውረዱን አይተው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፥ ታላቁ መሣሪያም የሰውን ትንሽ እጅ ይሻል። ገንዘብ የሚሰጡ መንግሥታትም አዲስ መሣሪያ በመግዛት ብቻ ሳይረኩ፥ ዝና ለማያመጣው ለረጅሙ ክትትል ጭምር በጀት ሊመድቡ ይገባል።

ጉዳዩም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በጥር ወር 2025 ኤ-84 የተባለ የበረዶ ተራራ ከጆርጅ 6ኛ የበረዶ ንጣፍ ተገንጥሎ 510 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ገለጠ። በአቅራቢያው የነበረች የምርምር መርከብ ወዲያው ደርሳ ሮቦት ብታወርድ፥ ኮራሎችና ትልልቅ ሰፍነጎች ታዩ። ጣራቸው ከተነሣ በኋላ ምን ይሆኑ ይሆን? ይህን የሚመልስ ነገ ተመልሶ የሚያያቸው ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሰው ይቅር ለማለት አንቸኩል። ይልቁንስ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል ብለን እንጠይቅ። መሣሪያው ዓይናችንን ያረዝመዋል፤ ትዕግሥቱ ግን ከእኛ መምጣት አለበት።