ባቡር የሚያድርባት ከተማ

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ስሞች ይቀድማሉ፤ የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር እና ድሬዳዋ። የመታሰቢያ ፎቶግራፉም፣ የጋዜጣ ጽሑፉም፣ የልማት ዕቅዱም እነሱን ይከተላል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን በዚህ ወሬ ውስጥ እምብዛም አትነሣም። ብዙ መንገደኛ የሚያውቃት ወደ ሐረር ወይም ወደ ሰመራ ሲያልፍ ምሳ የሚበላባት ሞቃት ከተማ አድርጎ ነው። የአሮጌውን ባቡር ታሪክ ከምንጩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ግን ወደ እሷ ነው። አዲስ አበባ ባቡር ሳይደርስባትም ዋና ከተማ ነበረች። ድሬዳዋም ከባቡሩ ተወልዳ ከባቡሩ በላይ አደገች። አዋሽን ከተማ ያደረጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባቡሩ እዚያ ያድር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራውን የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። እዚያ ሲደርስ ገንዘብ አለቀ። ሥራውን የያዘው ኩባንያ ከሰረ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በመስመሩ ላይ ይሻኮቱ ጀመር፣ ሐዲዱም በረሃው አፋፍ ላይ ዓመታት ቆመ። ሁለተኛው ውል በ1900 ዓ.ም. ከተሰጠና አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ከተቋቋመ በኋላ ሥራው ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ለመዘርጋት፣ ከነመቋረጡ፣ ወደ ሃያ ዓመት ፈጀ።

በሁለተኛው የሥራ ዘመን መሐንዲሶቹን ከተፈታተኗቸው ቦታዎች አንዱ የአዋሽ ገደል ነው። ወንዙ ሜዳውን እንደ ጎራዴ ሰንጥቆ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይሄዳል። ከምሥራቅ የሚመጣው ባቡር ይህን በድልድይ ካልተሻገረ ሸዋ አይደርስም፤ ከተሻገረም በኋላ እስከ አዲስ አበባ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ይጠብቀዋል። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ውኃና ማገዶ ሳይዝ አቀበት አይሞክርም። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ሳይጀመር፣ ጣቢያ መቆም ነበረበት።

በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም። ከጅቡቲ የተነሣ መደበኛ ተሳፋሪ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ድሬዳዋ ለማደር የሚሆን ከተማ ነበረች፤ አዋሽ ላይ ግን ቁጥቋጦና የወንዝ ድምፅ እንጂ ሌላ አልነበረም። ስለዚህ ማደሪያው ለጣቢያው ተሠራለት፤ ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ዛፍና አበባ የተተከለበት፣ የፈረንሳይ ወጥ ቤት የነበረው ቡፌ። ሆቴሉ እስካሁን አለ፤ ኋላ ለረጅም ዓመታት ያስተዳደሩት አንዲት የግሪክ ተወላጅ ነበሩ። አንዳንድ የጉብኝት መጻሕፍት የተሠራው በ1904 ነው ይላሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሆነ ሐዲዱ ያኔ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ስለነበር ነገሩ አያስኬድም፤ በእኛ ዘመን ከቆጠርነው ግን ሥራው ወደ ምዕራብ እየገፋ ከነበረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ሳይጣራ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ መዛወሩ የአዋሽ ታሪክ ባለቤት ማጣቱን ያሳያል።

ባቡሩ ሲያድር ሰው ያድራል፤ ሰው ሲያድር ገበያ ይቆማል። ወተት የሚሸጡ የከረዩና የአፋር ሴቶች፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ሻይ ያፈሉ፣ ዕቃ የተሸከሙ፣ ሐዲድ የጠበቁ፣ ትኬት የቆረጡ፣ ሁሉም በባቡሩ ሰዓት ኖሩ። ፉርጎዎቹ ከባሕር ዳር ጨርቅና ጨው ወደ ላይ፣ ከደጋው ቡናና ቆዳ ወደ ታች ያመላልሱ ነበር። በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆመው የአዋሽ ገበያ አፋሩን፣ ከረዩውን፣ አርጎባውንና ከደጋ የወረደውን ነጋዴ ያገናኛል። አርብቶ አደሩ ለዘመናት በግጦሽና በውኃ ይጋጭበት በነበረ ምድር ላይ ጣቢያው አዲስ የመገናኛ ቦታ ፈጠረ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ኩባንያው ባለአክሲዮኖች ገጾች ሲያባክኑ ይህን አንድ መስመር እንኳ ሳይሰጡት ማለፋቸው ያሳዝናል።

የሀገሪቱ ትልልቅ ቀኖችም በዚህች ትንሽ ጣቢያ በኩል አልፈዋል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል የባዕድ መንግሥታት መልእክተኞች የመጡት በዚሁ ሐዲድ ነው። በዓሉ ላይ ከተገኙት እንግዶች አንዱ፣ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ በ1926 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ግመሎቹን ጭኖ የተነሣው ከአዋሽ ጣቢያ ነበር። ወንዙ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በእግሩ ተከትሎ አይቷል። ለአፋሮቹ ይህ ግኝት አልነበረም፤ የወንዙን መጨረሻ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች የከበዱ ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ባቡራቸው በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም.፣ ያው ጦር ከምሥራቅ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ አለፈ። የእንግሊዝ ጦር ግን ገደሉን ተሻግሮ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜም የመስመሩ ድልድዮች በፈንጂ ተመትተው ባቡሩ ለወራት ቆሟል።

ከሁሉም የከፋው ግን በሰላም ቀን የመጣው ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ፣ ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ያሳፈረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ድልድዩ ዘንድ ያለውን መታጠፊያ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባበት። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ሀገሪቱ በዚያ ዓመት በረሃብ ላይ ነበረች፤ የዓለም ዓይን ሁሉ ኮረምና መቀሌ ላይ ስለነበር የአዋሽ ሙታን ሐዘን በሌላ ሐዘን ተሸፈነ።

አሮጌው ባቡር በአንድ ቀን አልሞተም። ሐዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ የጭነት መኪናው ገበያውን ወሰደው፤ 2000 ዓ.ም. ላይ ሲደረስ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል መመላለሱ ቀርቶ ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የሦስት ቀኑን ጉዞ ወደ 12 ሰዓት ገደማ አወረደው። ለንግዱም ለተጓዡም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። አዋሽም ከባቡር ካርታ አልወጣችም። በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተነደፈው፣ የቱርክ ኩባንያ የሠራው 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ መነሻው እሷው ናት። አዲሱ ባቡር ግን ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ገደማ። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ መቼም አይሄድም፤ የድሮው ጣቢያም ባቡር ዳግም አያስተናግድም።

እንግዲህ ጣቢያው ምን ይሁን? ለገሃር በዋና ከተማዋ የልማት ዕቅድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ የድሬዳዋ ጣቢያና ወርክሾፕም ጎብኚና ተቆርቋሪ አላቸው። እንደ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደምና ኤረር ያሉት ትንንሾቹ ግን ዕጣቸው የሚወሰነው በዝምታ ነው። ብረት ይወሰዳል፣ በር ይነቀላል፣ ጣሪያ ይፈርሳል፤ ማንም በጋዜጣ አይጽፈውም። ቅርስ የሚባለው ትልቁና ያማረው ብቻ ከሆነ የሐዲዱ ታሪክ የሁለት ከተሞች ታሪክ ሆኖ ይቀራል። መስመሩን ያቆሙት ግን በመሀሉ የኖሩት ናቸው።

አዋሽን ማዳን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጣቢያው ከነቡፌው አንድ ላይ በቅርስነት ቢመዘገብና ጥበቃው ለከተማው ቢሰጥ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ጎብኚ በደጁ ስለሚያልፍ እንግዳ አያጣም። በ1977ቱ አደጋ የሞቱት ሰዎች ስም ሊጻፍ የሚገባውም እዚያው ጣቢያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሊወርዱበት ወይም ሊያልፉበት የነበረው ቦታ ነውና። ከሁሉም የሚቸኩለው ግን የሰው ነገር ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባቡሩን የነዱት፣ ሐዲዱን የጠገኑትና ትኬት የቆረጡት ሠራተኞች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሞተሩን በድምፁ፣ ጣቢያውን በስሙ የሚያውቁ ናቸው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተማሪዎችን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ አዋሽና ድሬዳዋ ለአንድ ክረምት ቢልክ፣ የመስመሩ ታሪክ በኩባንያው መዝገብ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ይቀራል። ይህ በዚህ ዓመት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።