ደህና ስካነር ለምን ይጣላል?

ካኖስካን ላይድ 20 እና 30 የተባሉት የካኖን ስካነሮች መስታወታቸውም ሞተራቸውም ደህና ሆኖ ሳለ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ አይሠሩም። ካኖን ድራይቨር የሠራላቸው ለባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ነው። ዕቃው አልተበላሸም። የጎደለው አዲሱ ኮምፒውተር ዕቃውን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ደነባም ሆነ በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች፣ በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩን የሚቀይር መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ፕሪንተሩንና ስካነሩንም አብሮ ለመጣል ሊገደድ ይችላል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደተወደደ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ፕሮግራም ስለጎደለ ብቻ ደህና ዕቃ መጣል ለእንዲህ ያለ አገር አይገባም። ድራይቨር መጻፍ የሚችሉ ወጣቶችም አገር ውስጥ እየተማሩ ነው።

ሥራው ከባድ ነው እንጂ ምሥጢር አይደለም። ለምሳሌ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ የፒሲአይ ካርድ ሁሉ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ይነበባል፤ ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚገጥመውን ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨሩ የካርዱ ሬጅስተሮች (የትእዛዝ መቀበያ ቦታዎች) ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ካርዱ ሥራውን ሲጨርስ ኢንተራፕት በተባለ ምልክት ያሳውቃል። ሪልቴክ 8139 የተባለው የድሮ ኔትወርክ ካርድ ዛሬም ሊነክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠራው የድራይቨሩ ኮድ ክፍት ስለሆነና የሲስተሙ እምብርት (ከርነሉ) በተለወጠ ቁጥር አብሮ ስለሚታረም ነው።

አምራቹ መመሪያ ባይሰጥም መንገድ አለ። ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በተከፈተ ቁጥር ፈርምዌሩን (የውስጥ ፕሮግራሙን) ከኮምፒውተሩ መቀበል አለበት፤ የሚገባውም አንድ ልዩ የኅትመት ቋንቋ ብቻ ነው። ሪክ ሪቻርድሰን የተባለ ፕሮግራመር ያንን ቋንቋ የሚናገር ክፍት ድራይቨር ለሊነክስ አዘጋጀ። ከላይ የተነሱት የካኖን ስካነሮችም ሴን በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ሊነክስ ላይ ይሠራሉ።

ኢትዮጵያውያን ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደሉም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ግን አሜሪካ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተርን አማርኛ አስጽፈዋል። በዚያ ዘመን ማሽኖቹ ፊደሉን ጨርሶ አያውቁትም ነበር፤ እነርሱ አምራቾቹ እስኪያስቡላቸው አልጠበቁም።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎቹን የመመረቂያ ፕሮጀክት በከፊል ወደዚህ ሊያዞረው ይገባል። ተማሪዎቹ በዙሪያቸው ካሉት ወረዳዎች ድራይቨር ያጡ ዕቃዎችን ይሰብስቡ። አሮጌው ኮምፒውተር ለስካነሩ የሚልከውን ትእዛዝ ዋየርሻርክ በተባለው ፕሮግራም ይቅረጹ፣ ያጥኑ፣ ኮዱን ጽፈው ለሁሉም ይልቀቁ።

ጀማሪ የጻፈው ድራይቨር ኮምፒውተሩን ያበላሻል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። በከርነል ውስጥ የተሠራ ስህተት በእርግጥም ማሽኑን በሙሉ ሊያቆም ይችላል። የሴን ድራይቨሮች ግን ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ስለሚሠሩ ቢሳሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት እነርሱው ናቸው፤ ለተማሪ ጥሩ መነሻ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ሠራተኛውም ዊንዶውሱን መተው አይጠበቅበትም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊነክስ ተጭኖ ፕሪንተሩ እዚያ ቢሰካ፣ የቢሮው ዊንዶውሶች በኔትወርክ ያትሙበታል።

የወረዳና የዞን ግዢ ክፍሎችም ድርሻ አላቸው። በፕሪንተርና በስካነር ጨረታ ሰነድ ላይ «ክፍት ድራይቨር ያለው ወይም መመሪያው የተለቀቀ» የሚል አንድ መስፈርት ይጨምሩ። ንብረት ክፍሎች ደግሞ ዕቃ ለማስወገድ ሲወስኑ የተበላሸውን ዕቃ ድራይቨር ብቻ ካጣው ዕቃ ለይተው ይመዝግቡ፤ ዩኒቨርሲቲው ሥራውን ከዚያ ዝርዝር ይጀምር።