የታጠረ አውሬና የሰው ፍርድ

በአዲስ አበባ ከተማ በስድስት ኪሎ የሚታወቀው የአንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተ ነው። በዚህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አሳዛኝ አደጋ ደረሰ። ለረጅም ዓመታት በአንበሳ ጠባቂነት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ቀነኒሳ በተባለው አንበሳ ተነክሶ ሞተ። በጊዜው እንደተዘገበው፣ ጠባቂው የአንበሳውን ቤት ለማጽዳት ሲገባ አውሬው ያለበት የውስጠኛው ክፍል በር አልተዘጋም ነበር። ዘበኞች አንበሳውን አስደንግጠው ሰውየውን ለማስለቀቅ ወደ ሰማይ ቢተኩሱም ሕይወቱን ለማትረፍ አልተቻለም።

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር ከኀዘኑ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ሰው የገደለ አውሬ በሕይወት ሊኖር ይገባዋልን? ብዙ ሰው ሳያመነታ ‹‹አይገባውም›› ይላል። ነገር ግን በሰውና በሰው መካከል ደም ሲፈስ ገዳዩ የሚጠየቀው፣ ድርጊቱን ለመተው ሲችል አውቆ ስላደረገው ነው። አንበሳ ሕግ አያውቅም፤ ቂም ይዞ ያደፈጠ ጠላትም አይደለም። በሩ ተከፍቶ ባገኘ ጊዜ ያደረገው በተፈጥሮው የተሰጠውን ነው። ስለዚህ አደጋው ካለፈ በኋላ አውሬውን መግደል ፍርድ ሊባል አይችልም። ደም መመለስ ነው፤ ያውም ደም መመለስ ምን እንደሆነ በማያውቅ ፍጡር ላይ። በቀድሞው ዘመን አንበሳ የገደለ ሰው ይሸለም፣ ይፎክርም እንደነበር ይታወቃል። ያ አዳኝ ግን ጦሩን ይዞ አውሬው ጌታ ከሆነበት ዱር ይገባ ነበር እንጂ፣ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ አንበሳ ገድሎ ‹‹ግዳይ ጣልሁ›› አይልም ነበር።

ይህ ሲባል የሰው ሕይወት በአውሬው መዳፍ ሥር ሳለ ጠባቂዎች እጃቸውን አጣምረው ይመልከቱ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የአራዊት ማቆያ አንድ የ3 ዓመት ሕፃን ጎሪላዎች ከሚኖሩበት ክልል ውስጥ ወደቀ። ሐራምቤ የተባለው የ17 ዓመት ወንድ ጎሪላ ሕፃኑን ይዞ በውኃ ውስጥ ይጎትተው ጀመር። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ቢወጋ መድኃኒቱ እስኪሠራ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በመካከሉም አውሬው ሊቆጣ ይችላል። ስለሆነም ጎሪላው በጥይት ተገደለ፤ ሕፃኑም ተረፈ። በድርጊቱ ያዘኑና የተቆጡ ሰዎች በብዙ አገር ነበሩ፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ሌላ የተሻለ መንገድ ነበር ብሎ በጠባቂዎቹ ላይ መፍረድ ይከብዳል። የተደረገው ሕፃን ለማዳን ነው፤ ጎሪላውን ለመቅጣት አይደለም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በሕንድ ዋና ከተማ በደልሂ የሆነው ከዚህ ይለያል። አንድ ወጣት ታይገር የሚባለው ነጭ የእስያ ነብር ወደሚኖርበት ክልል ገባ። ነብሩ ወዲያው አልነካውም፤ ለብዙ ደቂቃዎች ፊት ለፊቱ ቆሞ ተመለከተው። ከአጥሩ ውጭ የነበሩ ሰዎች ግን ወጣቱን የረዱ መስሏቸው ድንጋይ ይወረውሩና ይጮኹ ጀመር። በመጨረሻ ነብሩ ወጣቱን ገደለው። የአራዊት ማቆያው ኃላፊዎች ነብሩን አልገደሉትም። ሟቹን ለማዳን ጊዜው አልፎ ነበርና ከዚያ በኋላ የሚተኮስ ጥይት ለማን ይጠቅም ነበር?

እዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ነው። በዚያች ከተማ ታትያና የተባለች ታይገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 የጠባቂዋን ክንድ በፍርግርጉ በኩል ይዛ ክፉኛ አቆሰለች። እንድትገደል አልተደረገም። ልክ በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ የ2007 የገና ዕለት፣ ከክልሏ ወጥታ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ገደለች፤ ሁለት ወጣቶች አቆሰለች፤ እርሷም በፖሊስ ጥይት ሞተች። ‹‹አስቀድማ ብትገደል ኖሮ ልጁ አይሞትም ነበር›› ቢባል ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከአደጋው በኋላ ግንቡ ሲለካ 3.8 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አውሬ የሚመከረው ግን 5 ሜትር ያህል ነው። ታትያና በ2006 ተገድላ ቢሆን ኖሮ በቦታዋ ሌላ ነብር ይገባ ነበር፤ ግንቡ ግን ያው አጭር ግንብ ነው። የመጀመሪያው አደጋ ሲደርስም የመንግሥት መርማሪዎች ጥፋተኛ ያደረጉት ነብሯን ሳይሆን አስተዳደሩን ነበር።

‹‹የሰው ደም የቀመሰ አውሬ ሰው ይለምዳል›› የሚለው አባባል በሰፊው ይሰማል። በመንደር ዙሪያ ለሚዞር አውሬ ይህ ሥጋት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በግቢ ያለ አንበሳ ግን ሥጋውን ከጠባቂው እጅ ይቀበላል፤ ሰውን ፍለጋ የሚሄድበት ጎዳና የለውም። ሰው ካልገባበት፣ በርም ካልተከፈተለት፣ ቢለምድስ ምን ያደርጋል?

የዱር አውሬ ሁኔታ ከዚህ ምን ያህል እንደሚለይ ለመረዳት ወደ ጎረቤት አገር ወደ ደቡብ ሱዳን መመልከት ይጠቅማል። ከዋና ከተማዋ ከጁባ በስተሰሜን ምሥራቅ የባንዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነው የአየር ላይ ቆጠራ መሠረት፣ ከዚህ ፓርክና ከአካባቢው አንሥቶ ስድስት ሚሊዮን ያህል የድኩላ ወገን የሆኑ እንስሳት ከወቅት ወቅት ይጓዛሉ፤ ነጭ ጆሮ ያላቸው ቆርኬዎችም እስከ ጋምቤላ ይሻገራሉ። በዚህን ያህል ሰፊ ምድር አንበሳም ቢሆን የሰው ሽታ ሲደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ይለውጣል። ማፈግፈጊያ አለውና። በግቢ የተዘጋው ግን ማፈግፈጊያውን የነሣው ሰው ነው። ታዲያ ሰው ራሱ በአውሬው አፍንጫ ሥር ሲገኝ ጥፋቱን በአውሬው ላይ መጫን ሚዛኑን የሳተ ፍርድ ነው።

የአዲስ አበባ አንበሶች ደግሞ እንዲያው እንደ ማንኛውም አንበሳ የሚታዩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከ15ቱ የዘር ናሙና ወስዶ መርምሮ ከሌሎች አንበሶች በዘራቸው የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ወንዶቹ እስከ ደረትና ሆዳቸው በሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዱን በቁጣ መግደል በምንም የማይተካ ነገር ማጥፋት ነው።

በሥራው ላይ ለሞተው ጠባቂና ለቤተሰቡ የሚገባው ክብርም ቢሆን በአንበሳ ሬሳ አይከፈልም። የጽዳት ሠራተኛ ወደ አንበሳ ቤት ብቻውን እንዳይገባ፣ ሌላ ባልደረባ ከውጭ ቆሞ በሩን እንዲመለከት ማድረግ ይቻላል። የውስጠኛው በር ካልተቆለፈ የውጭው ፈጽሞ የማይከፈትበት መዝጊያም አለ። ከአደጋ በኋላ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ መዝጊያ በቤቱ ላይ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው።