ዜማ ተነካ ብሎ ሣቅን መክሰስ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሠርግ አዝማሪ ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ አንሥቶ፣ የራሱን ግጥም ጭኖ ደጋሹን ሲሸነቍጥ «ዜማው የማነው?» ብሎ የከሰሰው አላየንም። በቅጂ የሚቀልደው ግን ባለዘፈኑ ፍርድ ቤት ሄዶ ላሳግድህ ቢለው መሸሸጊያ የለውም። አዋጅ ቍጥር 410/1996 መጥቀስን፣ ማስተማርን፣ ለግል መቅዳትን ሲፈቅድ ስለ ፌዝ አንድ ቃል አላስቀመጠም፤ በ2007 ዓ.ም. ሲሻሻልም ታለፈ።

የፈረንሳይ ሕግ ፌዝን በስሙ ጠርቶ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1994 እ.ኤ.አ. በ«ቱ ላይቭ ክሩ» ጉዳይ፣ ለገበያ የቀረበ ፌዝ እንኳ ሊፈቀድ እንደሚችል ወስኗል።

የደራሲው እንጀራ ይነካ አላልንም፤ ሥራውን አባዝቶ የሚቸበችበውን ሌባ እኛም እንጠላዋለን። ግን በዘፈን የሣቀ ሰው ዘፈኑን መግዛት ይተዋልን? የተነካው ኪስ ሳይሆን ኵራት ከሆነ፣ ይህ መብት ማስከበር ሳይሆን አፍ ማስያዝ ነው። ለፌዝ አንድ አንቀጽ ይጨመርልን!