የባሕር ውኃን ማጣራት ለምዕራብ ጎጃም የውኃ እጥረት መፍትሔ ይሆናልን?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የመጠጥ ውኃ በበጋ ሲቆራረጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ሳዑዲ ዓረቢያ የባሕር ውኃ አጣርታ ስትጠጣ እኛ ለምን አንችልም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ግልጽ መልስ ይሻል።

ቴክኖሎጂው ውኃውን በከፍተኛ ግፊት በረቂቅ ማጣሪያ በማሳለፍ ጨውን ያስቀራል። ዝናብ ቢጠፋም ባሕር ስለማይነጥፍ ድርቅ አያሰጋውም። ጎረቤታችን ጅቡቲ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ማምረት የሚችል ጣቢያ በዶራሌ በ2013 ዓ.ም. አስመርቃለች። ይሁንና ይህችው የባሕር ዳር አገር ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ በረጅም ቧንቧ ትወስዳለች።

ዋናው እንቅፋት ኃይል ነው። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የባሕር ውኃ ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ያንኑ ውኃ ወደዚህ ከፍታ ማውጣት ብቻ፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ተጨማሪ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከማጣራቱ ማድረሱ ይከብዳል። በዚያ ላይ ወደ ጣቢያው ከሚገባው ውኃ ከግማሽ ያላነሰው ይበልጥ ጨዋማ ሆኖ የሚወጣ በመሆኑ ማስወገጃ ይፈልጋል። የባሕር በር እንደሌለን ደግሞ የታወቀ ነው።

ይህ ሲባል ማጣሪያው ለአገራችን አይበጅም ማለት አይደለም። በአፋር ጨዋማ ጉድጓዶች፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይዱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በሚያልፍባቸው ሥፍራዎች ሊያገለግል ይችላል።

የምዕራብ ጎጃም ችግር ግን ጨው አይደለም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ ላህ፣ ብርና ፈጣም ይፈስሳሉ። ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ወራት ስለሚወርድ የሚያስፈልገው ውኃውን አቆይቶ ለበጋ ማድረስ ነው፤ ይኸውም ምንጭ ማጎልበት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ከመስመር የሚባክነውን መቀነስ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የተበላሸውን መጠገን ነው። የእጅ ፓምፕ በአንዲት መለዋወጫ እጦት ሲቆም እናቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ለባሕር ውኃ ከሚታሰበው ገንዘብ ይልቅ ለዚህች መለዋወጫ የሚመደበው ቀድሞ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ ነዋሪዎች የተሰበረ መስመር ሲያዩ ለከተማው የመጠጥ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ ፓምፕ ሲቆም ደግሞ በቀበሌው የውኃ ኮሚቴ በኩል ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ይጠየቃል። ጥገናው እስኪጠናቀቅ ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ሳይፈላ መጠጣት የለበትም።