ከምርኮ በኋላ የሞተው ወታደር እንዴት ይታወስ?

ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው መንገድ፣ በሚያዝያ 1928 የኢጣሊያ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠበት ነው። በሩን እንዲዘጉ ከተላኩት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ሥልጠናቸውን ገና አልጨረሱም፤ ጠላትንም ማቆም አልቻሉም። ከነሱ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ምዕራብ አቅንተው ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ጦር ተሰለፉ። በታኅሣሥ 1929 አዛዣቸው ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሲሰጡ አብረው ተማረኩ። የካቲት 12 በኢጣሊያዊው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከነዚህ ምርኮኞች ብዙዎቹ ተረሸኑ።

እንዲህ ያለው ወጣት በጦር ሜዳ ከወደቀው እኩል ይታወስ ወይ በሚለው ላይ፣ አስተዋይ ሰዎችም አይስማሙም።

እኩል ነው የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። ልጁ እጅ የሰጠው ከአዛዡ ጋር ነው፤ የተገደለውም መሣሪያ በእጁ ሳይኖር፣ ባልፈጸመው ነገር ነው። ወላጆቹ ሐዘናቸውን በሹክሹክታ የሚያወሩበት ምክንያት የለም። ሆኖም ይህ አስተያየት ልዩነትን ሁሉ ሊደፈጥጥ ይችላል። በሸዋ እንደ አበበ አረጋይ እስከ ነጻነት ድረስ በዱር የቆዩ አሉ፤ ጽናታቸው የራሱ ስም ይገባዋል።

ልዩነቱ ይጠበቅ የሚሉትም፣ እንደኔ ግምት፣ ምርኮኛውን መናቃቸው ላይሆን ይችላል። የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ የምርኮ ታሪክ በቀላሉ ወደ ቂም ይዞራል። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲደርስ ላየ ሰው ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል። ልጁ ተማርኮ እንደሆነ፣ የት እንደተቀበረ ያላወቀ ቤተሰብ ተዝካር ለማውጣት እንኳ ይቸገራል። ይህ ሐዘን ደግሞ በየትኛውም ወገን ባለ ቤት ይገባል።

መካከለኛው መንገድ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም፤ ቢሆንም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ምርኮው አይደበቅ፣ አይታፈርበት፤ ከጀግንነቱም ጋር አይምታታ። የተያዘበት ቦታና የሞተበት ምክንያት በግልጽ ይጻፍ፤ ጥፋቱም በፈጸሙት ላይ እንጂ በልጅ ልጆቻቸው ላይ አይጻፍ። የ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት የሚጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሞተ ምርኮኛ ሞቱ እንዲመዘገብ፣ መቃብሩም ምልክት እንዲኖረው ያዛል።

ስለዚህ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞችን ቀን ሲያከብሩ፣ የእነዚያን ዕጩ መኮንኖች ታሪክ እስከ ምርኮውና እስከ ግድያው ድረስ ሳይቆርጡ እንዲያስተምሩ እጠይቃለሁ።